ወንበር ላይ ታስሬ የተናገርሁት

ከአገሬ በወጣሁበት ዋዜማ ፀሐይ ከጉና ጀርባ እስክትገባ ድረስ መንደሩን ቤት ለቤት ዞሬ ተሰናበትሁ። ሁሉም መረቀኝ፣ ሁሉም ጠላ ቀዳልኝ፤ ግማሹ አለቀሰ። አንድ ቤት ብቻ ዘለልሁ፤ የአበልጄን የስንሻውን ቤት። ሚስቱ ልጄን ትርንጎን ክርስትና ያነሣች፣ ከወንድም የሚቀርበኝ ሰው ነው። ደጁ ስደርስ «ውሻው ይነክሰኛል» ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁና አለፍሁ። ውሻው ግን እንኳን ሊነክሰኝ ጅራቱን እየቆላ እስከ አጥሩ ጥግ ሸኝቶኛል።

ጎሕ ሲቀድ ንፋስ መውጫ፣ ሚኒባሱ መነሻ ስደርስ ስንሻው ቀድሞኝ ቆሟል። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ጣቶቹ በቃጠሎ በተጣበቁት ቀኝ እጁ አንዲት ትንሽ የፍየል ቆዳ ስልቻ ይዟል።

«ሳትሰናበተኝ?» አለ።

«መሽቶብኝ ነው።»

«ይሁን። በሶ ናት። የሰው አገር ምግብ እንቢ ሲልህ በጥብጠህ ጠጣ።»

ስልቻዋን ተቀበልሁ፤ ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ብድግ አድርጎ አቀፈኝ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ተንፍሼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ማን እንደሆንሁ ለማታውቁኝ፣ ቢምረው እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረኝ ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርቱን አቋርጦ የመጣ ዲያቆን ነው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ከጋይንት እስከ ስማዳ፣ እስከ ወገዳ ድረስ ዝም ያለ ራዲዮ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር፤ ከፍቼም ያላናገርሁት የለም። እንግሊዝኛውንም ሽፋን ከሌለው መዝገበ ቃላት ለብቻዬ ተማርሁ። ከኤ እስከ ኤም ያለውን እንደ ውዳሴ ማርያም አውቀዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይጥ በልቶታል። ሰው ከኤም በኋላ በሚጀምር ቃል ካናገረኝ በዝምታ አከብረዋለሁ።

ትርንጎ ማልታ በምትባል ደሴት ላይ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ወረቀቱን ጨርሳ ያስመጣችኝ እሷ ናት። ባሕር ተሻገርሁ ስል በአውሮፕላን ነው። ብዙዎቹ ወገኖቼ ያንኑ ባሕር በጎማ ጀልባ እንዳለፉት ስሰማ ስለ መንገዴ መኩራራት ተውሁ። የተውሁት ግን ይህን ብቻ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጥቁር ዩኒፎርም የለበሰ ሹም ስልቻዬን ከፈተና ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ ዱቄት ምንድን ነው?»

«በሶ።»

«በሶ ምንድን ነው?»

«ባርሊ» አልሁ በኩራት፤ ገብስ በእንግሊዝኛ ከቢ ነው የሚጀምረው።

ውሻ አስመጣ። ውሻው አሸተተና አስነጠሰው። ሹሙ ይህን እንደ ማስረጃ ቆጠረው መሰለኝ፣ «እንግዲያው ብላው» አለኝ። አንድ እፍኝ ደረቁን ቃምሁ። ደረቅ በሶ የቃመ ሰው እንደማይናገር የጋይንት ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ሹሙ ግን «ሙያህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ ልል አፌን ስከፍት ዱቄቱ ቦነነበትና የወፍጮ ቤት ሠራተኛ አስመሰለው።

«ሂድ» አለኝ። «ሂድልኝ።»

ማልታ ድንጋዩ እንደ ቂጣ ቢጫ ነው። የጉና ብርድ አጥንት ይነካል እንጂ ሰውን አያዋርድም፤ የዚህ ሙቀት ግን እንደ ረጠበ ጋቢ ገላህ ላይ ይጣበቃል። ጥንቸል ይበላሉ፤ አይቼ ሦስት ቀን ምግብ አስጠላኝ። ፓስቲዚ የሚባል አይብ የተጠቀለለበት ቂጣቸውን ግን ወድጄዋለሁ፤ በፆም ቀን ሳየው ፊቴን አዞራለሁ። በቋንቋቸው ሲቆጥሩ ሰምቼ ግዕዝ ግዕዝ ሸተተኝ፤ ይህንንም ከእኔ በፊት የደረሰበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

አከራያችን ካርሜኑ ይባላል። ወሬውን ሁሉ «ሜላ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እኛ «እንግዲህ» እንደምንለው ነው። አንድ ቀን በሩን ደበደበ።

«ሜላ፣ ፓፓ፣ ገና በማለዳ ከማን ጋር ነው የምትጮኸው?»

«እየጸለይሁ ነው።»

«እግዚአብሔር ደንቆሮ ነው እንዴ?»

«እናንተስ ለቅዱሳኑ ክረምት ከበጋ ርችት የምትተኩሱት መስማት ተስኗቸው ነው?»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ወዳጄ ሆነ፤ አሁን ለምነግራችሁ ጉድ የዳረገኝም እሱ ነው። አማቹ ለፊልም ሠሪዎች መኪና ይነዳል፤ ለአንድ የሰላይ ፊልም ጢም ያለው፣ ጠይም፣ ግርማ ያለው ሽማግሌ ይፈለግ ነበር።

«ፊልም ሠርተህ ታውቃለህ?» አለኝ ካርሜኑ።

«ስንት ጊዜ!» አልሁ። የሠራሁት የፊልም ማጫወቻ መሣሪያ ጥገና ነው፤ ያም ፊልም ነው ብዬ።

የተሰጠኝ ሥራ የአንድ የሌለ አገር ከዳተኛ ሽማግሌ መሆን ነበር። ድልድይ ሥር ቦምብ ተቀብሯል፤ እኔ ቦታውን አውቃለሁ፤ ወንበር ላይ ታስሬ ዋናው ሰላይ ይመረምረኛል። መጀመሪያ እንቢ እላለሁ፣ በኋላ ልቤ ተሰብሮ እናዘዛለሁ። ቀላል ነው ብዬ ነበር። «ኔቨር! አይ ዊል ኔቨር ቶክ!» እንድል ታዘዝሁ። ዋናዎቹ ቃላት ከኤም በኋላ ያሉ ናቸው። ዳዊት እንደሚደግም ሰው በአንድ ዜማ አነበነብሁት። ካሜራው ሲበራ አንገቴ እንደ ምሰሶ ደረቀ። ዳይሬክተሩ፣ ላብ የሚያጠምቀው ራሰ በራ ሰውዬ፣ «ሪላክስ፣ ፓፓ!» ይላል፤ ሪላክስም ከኤም በኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔ ብቻ አልነበርሁም። ዋናው ሰላይ መልከ መልካም ነው፤ ፊቱ ግን ሲስምም ሲተኮስበትም ያው ነው። ከኋላዬ የቆመው ዘበኛ ጠመንጃ የጎማ ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው አፈሙዙ እንደ ጠወለገ ጎመን ጎንበስ ይላል። ሞቶ የተጋደመው ሰው ዝንብ ሲያርፍበት አፍንጫውን ያካል። ይህን ሁሉ ልብ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ለዳይሬክተሩም በምልክት ነግሬዋለሁ። አላመሰገነኝም።

እኩለ ቀን ላይ ዳይሬክተሩ ተስፋ ቆረጠ። ትርንጎ ለማስተርጎም አብራኝ መጥታ ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ውኃ ልትገዛ ወጣ ብላለች። አጠገቤ በርከክ አለና በቀስታ እያንዳንዱን ቃል እየለየ ነገረኝ። እንግሊዝኛውን ተው፤ በራስህ ቋንቋ ተናገር። የፈለግኸውን። ደብቀኸው የኖርኸው ነገር ካለ እሱን። እዚህ ማንም አይሰማህም፤ በኋላም ድምፅህን አውጥተን የሌላ ሰው እናስገባለን። ገባኝ።

የደበቅሁት ነገር ነበረኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ የመከር ሰሞን፣ የመበለቲቱ የእማማ ወርቄ የገብስ ክምር አውድማው ዳር ነደደ። ያነደድሁት እኔ ነኝ። በእኛ አገር ሲጋራ ማጨስ ነውር ነው፤ እኔ የተማርሁ ነኝ ባዩ ግን ተደብቄ አጨስ ነበር። ከክምሩ ጀርባ ቆሜ ሳለሁ ሰው መጣ ብዬ ቁራጩን ወርውሬ ሄድሁ። ጭሱ ሲነሣ ቀድሞ የደረሰው ስንሻው ነው። በባዶ እጁ ነዶ እየጎተተ ሊያተርፍላት ሲታገል እጁ ተቃጠለ።

አገር አውጫጭኝ ተቀመጠ። አውጫጭኝ ማለት መንደሩ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት ሸንጎ ነው። የሚጠቁም ሰው «አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ሁለት ቀን ዋልን። በሦስተኛው ቀን ዐይን ሁሉ ወደ እኔ የዞረ መሰለኝና ተነሥቼ፣ «ወፌ ስንሻው ነው አለችኝ፤ ቀድሞ የተገኘውም፣ እጁ የተቃጠለውም እሱ ነው» አልሁ። ስንሻው ቀና ብሎ አየኝ። በሬውን ለካሳ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና ጠርቶት የሚያውቅ የለም፤ ሕፃናት እንኳ «እሳቱ» ነው የሚሉት።

ወንበሩ ላይ ታስሬ ይህን ተናገርሁ። ስጨርስ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። «ብራቮ፣ ፓፓ!» አለ ዳይሬክተሩ፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። እኔም፣ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ እንደታሰርሁ ጎንበስ ቀና ብዬ እጅ ነሣሁ። የዚያኑ ሳምንት ንፋስ መውጫ አስተማሪ ለሆነው ለእህቴ ልጅ ለጥጋቡ ደውዬ «የፊልም ተዋናይ ሆኛለሁ፤ ሲወጣ ለአገር ሰው አሳይልኝ» አልሁ። የፊልሙንም ስም ፊደል በፊደል አስጻፍሁት።

ፊልሙ ወጣ። አምስት ያገሬ ልጆችና ካርሜኑ ቤታችን መጥተው አብረን አየን። ሰላዩ ከእሱ በቀጠነ የመብራት ምሰሶ ጀርባ ተደብቆ አሥር ጠባቂ ሲያልፈው ሳቁ። በአንድ በር በሌሊት ገብቶ በቀትር ሲወጣ ሳቁ። ጠመንጃው ሲጎነበስማ ትርንጎ ጭምር ሆዷን ያዘች። ከዚያ የእኔ ፊት መጣ። ድምፁም የእኔው ነበር። አልቀየሩትም፤ ከሥር በእንግሊዝኛ ጽፈው ተውት።

እኔ «የእማማ ወርቄን ክምር ያቃጠልሁት እኔ ነኝ» እላለሁ። ከሥር፣ ቦምቡ ከድልድዩ ሥር ነው።

ሰላዩ በዚያ በማይነቃነቅ ፊቱ «ስንት ደቂቃ አለን?» ይላል።

«ስንሻው እጁ የነደደው ሊያጠፋ ሲል ነው።» ከሥር፣ ሰባት ደቂቃ።

«የምቆርጠው ቀዩን ሽቦ ነው ወይስ ሰማያዊውን?»

«አበልጄ ነው። አበልጄን ነው የሸጥሁት።» ከሥር፣ ሰማያዊውን።

ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። «ጋሼ፣ ይህን ከየት አመጡት? ይገድላል እኮ!» ይላሉ። አማርኛ የማያውቀው ካርሜኑ ብቻ እንባውን እየጠረገ «ሜላ፣ ይህ ነው ተዋናይ» አለ። ትርንጎ አልሳቀችም። ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች።

«ክርስትና እናቴ ታውቃለች?» አለችኝ እንግዶቹ ሲወጡ።

«አላውቅም።»

«አንተ የማታውቀው ነገር አለ እንዴ፣ አባዬ?»

ለጥጋቡ ደወልሁ። ኔትወርኩ ጠፍቶ ከረመ፤ በስንት ሳምንቱ ተገኘ።

«ጋሼ፣ ፊልሙ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው» አለኝ። «ጠጅ ቤት የገባ ሁሉ ‹ቀዩን ነው ሰማያዊውን?› ይባባላል። ባጃጅ ነጂዎቹ እርስዎን እያስመሰሉ አንገታቸውን ያደርቃሉ።»

«ስንሻውስ?»

ኔትወርኩን ይራገም ጀመር።

«ጥጋቡ፣ ስንሻውስ?»

«ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ እኔው አሳየኋቸው። ሦስት ጊዜ አስደጋገሙኝ። ከዚያ ‹ማን ነው ያሰረው?› አሉኝ። ‹ፊልም ነው› አልኋቸው። ‹ገመዱስ?› አሉኝ።»

በአገራችን ደንብ እንዲህ ያለ ይቅርታ በስልክ አይጠየቅም። ድንጋይ ተሸክሞ፣ ያው ሜዳ ላይ፣ ያው አገር ፊት ቆሞ ነው። የስንሻው ስም የጠፋው በአውጫጭኝ ነው፤ የሚመለሰውም እዚያው እኔ ቆሜ ስናገር ነው። ማልታዎች ደግሞ የመኖሪያ ወረቀትህ ሳያልቅ ከወጣህ አትመለስም ይሉኛል፤ ትርንጎ ብቻዋን ትቀራለች። ድንጋዩን እዚህ ሆኜ በየቀኑ አያለሁ፤ ደሴቱ ሁሉ ድንጋይ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥጋቡ ስንሻውን እንዲያገናኘኝ ተነጋገርን። ሳምንቱን ሙሉ ስጽፍ ሰነበትሁ። ግዕዝም አስገባሁበት፣ ከመጽሐፍም ጠቀስሁበት፤ እንዲህ ያለ የይቅርታ ቃል ጋይንት ውስጥ ተጽፎ አያውቅም አልሁ። ስልኩ ሲነሣ የገበያው ጫጫታ፣ አህያ፣ የሰው ሳል ተሰማኝ።

«አበልጄ» አልሁና ጀመርሁ። የገዛ ድምፄን ሰማሁት። «ኔቨር፣ አይ ዊል ኔቨር ቶክ» ያለው ድምፅ ነው። ደረቅ፣ ያው ዜማ። ግማሽ ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

«ቢምረው፣ ከወረቀት ነው እንዴ የምታነበው?»

«አዎ።»

«ተወው። በፊልሙ ይሻል ነበር።»

አጠገቡ ያሉ ሰዎች ሳቁ። እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርሁ፤ ደረቅ በሶ የቃምሁ ይመስል ሳል ብቻ ወጣኝ።

«በሶዋ አለቀች?» አለኝ።

«ጥቂት አለች። አልጨረስኋትም።»

«ለመሆኑ ፈቱህ?»

ስንሻው ቀልደኛ ነው። እየቀለደ ይሁን፣ ከልቡ ተጨንቆልኝ ይሁን፣ ወይም ሌላ ነገር ጠይቆኝ ይሁን ከድምፁ መለየት አልቻልሁም፤ እኔ፣ ዝም ያለ ራዲዮ ሁሉ ያናገርሁት ሰው። ገመዱ የላላ ነበር ልለው አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እደውላለሁ። አንዳንዴ ይጠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጠራም። ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። ፈቱህ ወይ ላለኝ የምመልስለትን ግን እስካሁን አላገኘሁም።