ለእናቴ ያልነገርኋት ቃል

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔም የቆጠርሁት ዘግይቼ ነው። መርሳ ከተማ የማታ ትምህርት ስገባ መምህሬን በዕድሜ እበልጠው ነበር። ከክፍል ስመለስ እናቴ፣ “የዛሬዋን ቃል አምጫት” ትለኛለች። አንድ ቃል ሳልይዝላት ገብቼ አላውቅም።

ያን ሰሞን መምህሩ የቆዩ የግጥም ተውኔቶች ያነብልን ነበር። “ምጸት” የምትል ቃል አመጣ። መዝገበ ቃላት ብገልጥ ፌዝ፣ ሽሙጥ ይላል። በተውኔቱ ግን ንግሥቲቱ ባሏ ከዘመቻ ይመለሳል ብላ ሹሩባ ትሠራለች፤ እኛ መሞቱን ባለፈው ገቢር ሰምተናል።

“ፌዙ የቱ ጋ ነው? ማንም አልሣቀባትም” አልሁት።

“እርስዎ ደግሞ ቃሉን ሁሉ በሚዛን! ተመልካቹ የሚያውቀውን ባለጉዳይዋ ሳታውቅ ስትናገር፣ እሱ ነው ምጸት።”

ሌላም ጨመረልን፤ አንድ አባት ልጁ መሞቱን ሳይሰማ ሙሽራ ይመርጥለታል። አሁንስ ያዝሁት ብዬ ወጣሁ።

የውርጌሳው አጎቴ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሳዑዲ ለሥራ የሄደው ወንድሜ ሞቷል፤ እዚያው ቀብረውታል።

“ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ” አለ። “እስከዚያ እናትሽ እንዳትሰማ። ስልኳን ደብቂ። ራቷን በደንብ አብያት፤ መርዶ በባዶ ሆድ አይቻልም።”

“ፊቴንስ የት ላድርገው፣ አጎቴ?”

“መብራቱን ወደ ጀርባሽ አድርጊው።”

እንቁላል ጠበስሁላት፤ ቅቤም አበዛሁ።

“ምነው፣ አራስ አደረግሽኝ?” አለች። እየበላች መሬቱን በእግሯ ዳሰሰችው። “ያ ልጅ ሲመጣ ይችን ክፍል በሲሚንቶ ነው የማስለስናት። እንግዲህ ልጄ አፈር ላይ አይተኛም፣ ኢንሻአላህ።”

በእጄ የያዝሁትን ጉርሻ ለእሷ አጎረስኋት።

“የዛሬዋ ቃልስ?”

“ዛሬ አልተማርንም።”

“መምህሩ ታመመ? አላህ ያሽረው።”

ከሽማግሌዎቹ በፊት ከእኔ አፍ ብትሰማው አይሻላትም ወይ እያልሁ፣ ስልኳን በመቀነቴ እንደ ሸጎጥሁ ነጋ። ሰግዳ ከመስገጃዋ ሳትነሣ በሩ ተንኳኳ።

“እማ” አልኋት።

“ኋላ ትነግሪኛለሽ፤ እንግዳ ደጅ አይቆምም።”

ሻሿን እያስተካከለች ራሷ ከፈተች። “ግቡ፣ ግቡ። በጠዋቱ፣ በኸይር ነው?”

ከሽማግሌዎቹ አንዱም ቀና ብሎ አላያትም።