ጋሽ ሸምሱ ጣጣ ያሉት ነገር

ባለፈው ቅዳሜ በቡታጅራ ገበያ ሳልፍ አንድ ወጣት የበርበሬ ጆንያ ሲዘረግፍ አስነጠሰኝ። ዓይኔን እየጠረግሁ እንደቆምሁ ጋሽ ሸምሱ ትዝ አሉኝ። በርበሬ ነጋዴ ጎረቤታችን ነበሩ። ጣታቸው ሁልጊዜ ቀይ ስለሆነ ዓይናቸውን የሚያሹት በክንዳቸው ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ደስ ለማይል ነገር ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ነበራቸው፤ ጣጣ። የተሰጣ በርበሬ ዝናብ ቢመታው ጣጣ ነው። ጥርሳቸውን ቢያማቸው ጣጣ ነው። ወንድማቸው የሞቱ ጊዜ እንኳ ለቀስተኛ ፊት ተቀምጠው "ጣጣ ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። አማርኛን የለመዱት በንግድ ነውና ሌላ ቃል አጥተው ይሁን ወይስ ሌላውን ንቀው፣ ዛሬም አልገባኝም። እኔ ግን በአሥራ ሁለት ዓመቴ ችግር፣ መከራ፣ ፍዳ፣ አበሳ፣ የቱ የት እንደሚገባ አውቅ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ ፊደል የለየሁት ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው። መምህራን እያሉ ሰፈሩ ደብዳቤ የሚያጽፈው እኔን ነበር።

አንድ ጊዜ ባለቤታቸው እትዬ ረህመት ጊደራቸው ሳይማከሩ ስለተሸጠችባቸው ተቆጡ፤ ትንሹን ልጃቸውን ነስሩን ትተው አረቅጥ ወላጆቻቸው ዘንድ ሄዱ። ወር ሲያልፍ ጋሽ ሸምሱ መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። "ያላንቺ ቤቱ ጣጣ ሆኗል፤ ነይ" ብለህ ጻፍ አሉኝ። ሌላስ ብላቸው፣ ሌላ የለም አሉ። አፈርሁላቸው። በዚህ ቃል የትኛዋ ሴት ትመለሳለች? ሳልነግራቸው "ቤታችን ላይ ከባድ መከራ ወርዷልና ፈጥነሽ ድረሺ" ብዬ ጻፍሁ። አሁንም ሳስበው ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው።

ደብዳቤው በተላከ በሦስተኛው ቀን እትዬ ረህመት ከወንድሞቻቸው ጋር ደረት እየደቁ ደረሱ። ነስሩ በር ላይ ጭቃ ያቦካል። ሲያዩት ሮጠው አነሱት። አቅፈውት ብዙ ቆዩና ወደ ባላቸው ዞሩ።

"ልጄን የቀበርከው መስሎኝ ነው የመጣሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ መከራ የሚል ቃል ካንተ አፍ ሰምቼ አላውቅማ።"

ጋሽ ሸምሱ ግራ ገባቸው። "ወላሂ እኔ ጣጣ ነው ያልኩት።"

ሁሉም ደጃፉ ላይ ወደቆምሁት ወደ እኔ ዞሩ። ወንድሞቻቸው እንመለስ ቢሏቸውም እትዬ ረህመት እዚያው ቀሩ። ጋሽ ሸምሱ አልተቆጡኝም፤ አላመሰገኑኝምም።

እኔም ለዓመታት፣ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ እያልሁ ሳወራ ኖርሁ። ጋሽ ሸምሱ ካረፉ በኋላ እትዬ ረህመትን ራሳቸውን ጠየቅኋቸው።

"ጣጣ ብሎ ቢልክብኝም እመጣ ነበር፤ መልእክቱን ስጠብቅ ነው የከረምኩት" አሉኝ። "እያለቀስኩ ግን አልመጣም ነበር።"

ታዲያ የእኔ ዓረፍተ ነገር ምን ሠራ? ለአንዲት እናት ያን ሁሉ መንገድ ለቅሶ ከመጨመር በቀር? ብዙ ነገር አውቃለሁ፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ መፍታት አልቻልሁም።

አሁንም ማመልከቻ የሚያጽፈኝ ሰው አላጣም። አስቀድሜ፣ ችግሩን በቤትህ ስታወራ ምን ትለዋለህ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ያለኝን እጽፋለሁ። የተሻለ ቃል እንዳለኝ እያወቅሁ።