ለጅብ-ሰው የጎደለው ሕግ

የያዙኝ ሮማናት አደባባይ አጠገብ፣ ካፌ በረንዳ ላይ፣ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ነው። ሁለት ነበሩ፤ ትሑቶች። “መምህር፣ ለአንድ አፍታ” አሉኝ። አፍታዋ ሰባት ወር ሆነች።

ወንጀሌ ደብተር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን መጥቼ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ዳይስ፣ ያቺን ጎኖቿ ላይ ነጥብ ያለባት ኩብ፣ እየጣልን የምንጫወተው የተረት ጨዋታ ነበረን። አንዱ ተራኪ ይሆናል። የቀሩት ተዋጊ፣ መድኃኒት ቀማሚ፣ አዳኝ ሆነው ተረቱ ውስጥ ይገባሉ። ይሳካ አይሳካ የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ዳይሱ ይፈርዳል። እኔ ደግሞ አርፎ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ የጨዋታው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያሉት ገጸ ባሕርያት አልበቃ ብለውኝ የራሴን እፈጥር ነበር። በዚያ ሰሞን የያዝኩት ጅብ-ሰው ነበር፤ ቀን ሰው፣ ሲመሽ ጅብ የሚሆን ተዋጊ።

መርማሪው ደብተሩን ገልጦ ጣቱን አሳረፈበት።

“ጅቡ ማነው?”

“ጨዋታ ነው፣ ጌታዬ።”

“‘በጨለማ ሠላሳ እርምጃ ያያል። አጥንት ይሰብራል።’ የማንን አጥንት ነው የሚሰብረው?”

“ገና አላለቀም። ሚዛኑ እምቢ ብሎኛል።”

“የምን ሚዛን?”

ጅብ-ሰውዬው ከሌሎቹ ስለበረታ ጨዋታውን እንደሚያበላሽ፣ ጉልበቱን የሚመጥን ድክመት እንዳላገኘሁለት አስረዳሁት። እንደዚያ ቀን ላቤ እስኪንጠፈጠፍ አስተምሬ አላውቅም። ጽፎ ጽፎ ወደ ክፍል አስገባኝ።

ክፍሉ ርዝመቱ ስድስት እርምጃ ነው። ዐሥራ አንድ ሰው ተኝቶበታል፤ በእግሮቻቸው መካከል እየተሽሎከለኩ ስመላለስ እውላለሁ። ሰሜን ክፍለ ከተማ ጠጠር ሲያመላልስ የተያዘ ሹፌር ነበር፤ አንድ ቀን መረረው።

“ኣንታ ሓወይ፣ አንተ ወንድሜ፣ ቁጭ በል እንጂ! አዞርከን እኮ!”

በሩ ጥግ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ኣያ እንለዋለን፣ ታላቅ ወንድም እንደማለት። እጆቹ በእሳት ፍንጣሪ የተጠቃጠቁ ናቸው። በያጅ ነኝ ብሎኛል። ምሳ ሲገባ ከየቤቱ የመጣው በአንድ ትሪ ይገለበጥና ሁላችንም እንከበዋለን። ኣያ ግን እህቱ የላከችለትን ሰሃን ይዞ ወደ ግድግዳው ይዞርና ብቻውን ይበላል። “ጨጓራ አለብኝ” አለኝ። አመንኩት።

መመላለሱ ሲሰለቸኝ ጨዋታውን አስጀመርኳቸው። ዳይሱን ኣያ ከሳሙና ቀረጸልን፤ ነጥቦቹን በክብሪት እንጨት ወጋ። ስድስቱ ጎኖች እኩል ነበሩ፤ በማስመሪያ የተሠራም እንዲያ አይገጥምም። ሹፌሩ ተዋጊ ሆነ፤ አንድ ሽማግሌ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደግሞ መድኃኒት ቀማሚ። ተዋጊው ሲመታ ክፍሉ በሙሉ “ወይኔ!” ይላል። ደስ አለኝ፤ ደስታዬም አሳበደኝ መሰለኝ በአራተኛው ቀን እንዲህ አልኩ፦

“አሁን አዲስ ሰው ይገባል። ጅብ-ሰው። ሲመሽ ጅብ ይሆናል፤ ዓይኑ ያረፈበት ይታመማል። ማን ይወስደዋል?”

ወደ እኔ የሚያይ የለም። ሁሉም የሚያየው ወደ በሩ ጥግ ነው። ከዚያ ሹፌሩ ሳቀ።

“ለኣያ ስጠዋ! እሱ እንደሆነ ልምምድ አያስፈልገው።”

ሦስት አራት ሰው ሳቀ። ኣያ ዳይሱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ያኔ ገባኝ። ኣያ በያጅ ብቻ አይደለም፤ ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ ብረት ሠሪ ነው። የብረት ሠሪ ዘር ደግሞ በየአገሩ ቡዳ ነው ይባላል፤ ጅብ ይሆናል፣ ምግብ ላይ ዓይኑ ካረፈ የሚበላውን ሰው ይበላዋል ይባላል። ሰውዬው ግድግዳ እያየ የሚበላው እኛ እንዳንፈራው ብሎ ነው። ጨጓራውም በሽታውም እኛው ነበርን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁለት ቀን ጨዋታ የለም። እኔ እመላለሳለሁ፤ ሹፌሩም ቁጭ በል አላለኝም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኣያ ጠራኝ።

“መምህር፣ ና እስቲ።”

“ኣያ፣ ይቅርታ፣ በእግዚአብሔር አላወቅኩም...”

“ይቅርታህን ተወው። ጅብህ ልክ አይደለም።”

“እሰርዘዋለሁ።”

“ለምን? ጎደሎ ነው እንጂ ምን አጠፋ? ጥርስ ሰጠኸው፣ ዓይን ሰጠኸው። የሚከፍለውስ? እንዲህ ከሆነማ ሌላው ሰው ምን ሊሠራ ገባ? ቁጭ ብሎ እሱን ሊያይ ነው?”

ለወራት ያቃጠለኝን ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገረው።

“ምን ይክፈል ታዲያ?”

“ብቻውን ይብላ። ጉልበቱን አንዴ ከተጠቀመ፣ አንድ ሰው ወዶ ከእጁ እስኪጎርስ ድረስ አይመለስለት።” ዳይሱን በጣቶቹ አገላበጠው። “የምወስደውም እኔ ነኝ።”

ጀመርን። የሹፌሩ ተዋጊ ገደል ገብቶ እግሩ ተሰበረ፤ ጠላት ከኋላ እየመጣ ነው። ኣያ ዳይሱን ጣለ፣ ስድስት። ጅብ-ሰው ተዋጊውን በጀርባው አዝሎ ዋሻ አስገባው፤ ጉልበቱም አለቀ። ጠላት ዋሻው አፍ ደረሰ። የእኛም ምሳ በዚያው ሰዓት ገባ፤ ኣያ እንደ ልማዱ ሰሃኑን ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ።

“ጅብ-ሰው ካልተነሣ ሁላችሁም ማለቃችሁ ነው” አልኩ። “ከእጁ የሚጎርስ ማነው?”

“እኔ ጎረስኩ በቃ” አለ ሹፌሩ።

“በወሬ አይሆንም” አለ ኣያ።

ከግድግዳው ዞረ። ሰሃኑን ይዞ ፊቱን ወደ እኛ ሲያደርግ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። ጠቀለለና እጁን ዘረጋ። እጁ አየር ላይ ቀረ። እውነቱን ልናገር፤ እኔ ዘመናዊ ነኝ ባዩ፣ የኮምፒውተር መምህሩ፣ ፈራሁ። ልነሣ አስቤ እግሬ ዘገየ። ቀን ሙሉ አላርፍ የሚለው እግሬ!

ሹፌሩ እያጉረመረመ ተነሣ።

“ጨዋታው እንዳይቆም ብዬ ነው።”

ተንበርክኮ አፉን ከፈተ። አኘከ፣ ዋጠ። ሁላችንም ጉሮሮውን እናያለን። ከዚያ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና፣

“አንድ ያጣላል፣ ኣያ። ድገመኝ” አለ።

ኣያ ደገመው። ቀጥሎ ሽማግሌው፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው፤ እኔ አራተኛ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በማግስቱ የእህቱ ምግብ ትሪው ላይ ተገለበጠ።

ኣያ ከእኔ በፊት ተጠራ። “ዕቃህን ይዘህ ውጣ” ብቻ ነው ያሉት፤ ወዴት እንደሆነ አላወቅንም። የሳሙናውን ዳይስ መዳፌ ላይ አስቀምጦልኝ ወጣ።

ዛሬ አዲስ አበባ ነኝ። እሑድ እሑድ ከተማሪዎቼ ጋር እንጫወታለን፤ ባለ ሃያ ጎን እውነተኛ ዳይስ አላቸው። ጅብ-ሰውን ከደብተሬ ገልብጠውታል። ባለፈው አንዷ ወረቀቱን ይዛ መጣች።

“ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ሚዛን የለውም። ክፍያው ምኑ ነው ክፍያ? ከእጁ መጉረስ ምን ችግር አለው? ማንም ይጎርሳል እኮ!”

ሌላ ክፍያ ልጽፍለት እርሳስ አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

“ልክ ነሽ” አልኳት። “ሚዛን የለውም። እንዲሁ እንዳለ ይቆይ።”