ከማጣሪያው ጀርባ የተወጠረው ነጭ ጨርቅ

መኪናዬን የነጠቀኝ የእህቴ ባል አበጀ ነው። ሞተሩን በአቧራ የገደለው መካኒኩ ሙሉቀን ሆኖ ሳለ፣ አበጀ እሱን አምኖ «ማጣሪያ ሳትጠርግ እየነዳህ አስበላኸው» አለና ቁልፉን ወሰደብኝ። መኪናዋ የሁለታችን ናት፤ የምነዳት ግን እኔ ነበርሁ። ሞተር ገዳይ ለተባለ ሹፌር በፍኖተ ሰላም ማን መሪ ይሰጣል?

ላንድሮቨሯ አሮጌ ናት። ሙሉቀን የቤንዚን ሞተሯን አውጥቶ የፒክአፕ የናፍጣ ሞተር አስገባላት። ያ ሞተር ዓመት ሳይሞላው ጭስ ተፋ፣ ዘይት ጠጣ፣ ሞተ። ሁለተኛውንም ሲያስገባ የአየር ማጣሪያው የድሮው እንደነበረ ቀረ። የማጣሪያው አፍ ጠባብ ነው፤ የሞተሩ አየር መሳቢያ ሰፊ። ሙሉቀን ሁለቱን በጎማ ቱቦ አገናኝቶ ክፍተቱን ከጎማ ውስጥ በወጣ አሮጌ ላስቲክ፣ በካላማዳሪ ቁራጭ ጠቀለለው። «አቧራው በዚህ ነው የሚገባው» ብል ማን ይስማኝ? እሱ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የጨረሰ፣ እኔ ጢሜ ከበቀለ በኋላ ፊደል የቆጠርሁ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የሽማግሌዎቹ አውራ አያ ልየው ፈረዱ፦ አዲስ ማጣሪያ ይግባ፤ ከማጣሪያው ወዲህ፣ በሞተሩ በኩል፣ ቱቦው ውስጥ ስስ የነጠላ ቁራጭ ይወጠር፤ መካኒኩና ሹፌሩ ከእሳቸው ጋር ከቡሬ ወዲያ ወርደው በርበሬ ጭነው ይመለሱ። ጨርቁ ነጭ ከሆነ ጥፋተኛው እኔ፤ አዲስ ማጣሪያ እያለ ከቀላ ግን አቧራው በክፍተቱ ገብቷልና ሙሉቀን። የማጣሪያውን ክዳንና ቱቦውን በማተብ ክር አስረው፣ «እስክንመለስ ይህን የበጠሰ ተረቷል» አሉ።

እስከ ቡሬ

ታኅሣሥ ነበር፤ በየአውድማው ጤፍ ይወቃል። ጠጠሩ መንገድ ላይ የእህል መኪኖች ከፊታችን አቧራ እየቆለሉ ይሄዳሉ። ሦስታችንም ፊት ተጣብበን ተቀምጠናል።

«ቀስ በል እንጂ፤ ሽማግሌ ጭነሃል» አለ ሙሉቀን።

«ሽማግሌውንስ ጫንሁ፤ አንተን ማን ጫነህ?»

«ተዉ እናንተ ልጆች» አሉ አያ ልየው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው። «አቧራው ይበቃናል።»

ቡሬ ላይ ጾም ስለነበር ሽሮ በላን። ባለ ምግብ ቤቷ አየችንና፣ «ምነው በርበሬው ሳይጫን ፊታችሁ ላይ ተደፋ?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ቁልቁለቱ

ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ይዘን ስንወርድ ፉጨት ሰማሁ። ቀጭን ናት፤ ነዳጅ ስሰጥ ትመጣለች፣ ስለቅ ትጠፋለች። ሞተሩ በክፍተቱ አየር እየሳበ ነው። ጨርቁ እንዲቀላ መመኘት የሞተሩን ሞት መመኘት ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከቀረ ደግሞ እኔ ሞትሁ። የትኛውን ልለምን?

በርበሬውን ከገበሬዎች ደጃፍ ጫንን። እያስነጠስን መልሱን ጀመርን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ፉጨቷ ጩኸት ሆነች። አቆምሁ።

«ምን ሆንህ?» አሉ አያ ልየው።

«ካላማዳሪው ላልቷል፣ አያ። በዚህ አኳኋን ይህን ዳገት አላወጣትም።»

ሙሉቀን ዘሎ ወረደ። «ንካት! ክሩን የበጠስህ ዕለት አለቀልህ። ሀ ሁ ሲያስቆጥሩህ የሽማግሌ ቃል አላስተማሩህም?»

«ሞተሩ የሽማግሌ ቃል አይሰማም» አልሁና ክሩን በቢላዋ ቆረጥሁት።

ቱቦውን ነቅዬ ጨርቁን አወጣሁ። ቀይ ነው፤ እንደ ቡሬ አፈር ቀይ። አያ ልየው በጣታቸው አሹት፣ አሸዋው ተንኮሻኮሸ። ሙሉቀን ጨርቁን ሊያይ አልወደደም። «ቆርጧል፣ ቆርጧል» ይላል ብቻ።

ክፍተቱ ውስጥ የራዲያተር ቱቦ ቁራጭ አስገብቼ በብረት ማሰሪያ አጠበቅሁት። ፉጨቷ ጠፋች። ዳገቱን አውጥቼ ፍኖተ ሰላም አስገባኋት።

ፍርዱ

አበጀም ባለበት አያ ልየው እንዲህ አሉ፦ «ጨርቁ የመሰከረውን ክር አይሽረውም። ሞተሩን የገደለው ሙሉቀን ነው፤ ለሞተሩ የሚመጥን ማጣሪያ ይግጠም። ክሩን ግን እኔ ነበርሁ ያሰርሁት። የሽማግሌ ማሰሪያ የበጠሰ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ። ቁልፉን ከዚያ በኋላ ይውሰድ።»

ሞተር ያዳንሁት እኔ፣ ድንጋይ ተሸካሚውም እኔ! እምቢ ብዬ ወጣሁ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። አበጀ ሌላ ሹፌር ፈልጎ አገኘ፤ ሰውየው ማጣሪያውን ከድንጋይ ጋር እያጋጨ ሲያራግፍ ገበያ መሃል አየሁት። የወረቀት ማጣሪያ እንዲያ ሲመታ ይቀደዳል። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ሞተር የምትቀይሩ ሰዎች፣ ከዚህ መንገድ የተማርሁት ይህን ነው፦ ማጣሪያውን ለሞተሩ ምረጡ እንጂ ለመኪናው አትምረጡ። ትልቅ ሞተር በጠባብ አፍ ሲስብ ይታፈናል፤ በላላ ቦታ ሁሉ አየር ይስባል። ቱቦው በሁለቱም አፉ ልክ ይሁን፤ ካላማዳሪ በሙቀትና በዘይት ይለጠጣል። አየር መሳቢያው ከጎማ አቧራ ርቆ ከፍ ይበል። ማጣሪያውን ከውስጥ ወደ ውጭ ንፉት፤ አትደብድቡት፣ በናፍጣም አትጠቡት። ከኮረኮንች በኋላ ማሰሪያውን በእጃችሁ ጨብጡ። ከማጣሪያው ወዲህ ያለውን ቱቦ በጣታችሁ ዳብሱት፤ አቧራ ከነካችሁ ሞተሩ እየሞተ ነው። ሰው የሚለውን ተዉት።

ይህኛውም ሞተር እንዳይሞት ብዬ ድንጋዩን ተሸከምሁ። አሁንም ፍርዱ ልክ ነው አልልም። አያ ልየው ድንጋዩን ከትከሻዬ አውርደው «ይቅር ይበልህ» አሉኝ፤ አበጀ ወደ ሌላ እያየ ቁልፉን ሰጠኝ። ጥር 13 ቀን 1995 ዓ.ም.