ለገዳሪፉ ወዳጅ የቆየ ሽንኩርት

ዝናብ የነካው ቀይ ሽንኩርት ሽታውን አይደብቅም። መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፤ ቀጥሎ ቆምጠጥ፤ ከዚያ ወዲያ አፍንጫ አያስቀምጥም። ዛሬ ጠዋት ወረታ መገንጠያው ላይ፣ ከጭነት መኪና በወረደ እርጥብ ጆንያ አጠገብ ሳልፍ ያ ሽታ ያዘኝና ቆምኩ። ባጃጁ ጡሩንባውን ቢነፋብኝም አልተንቀሳቀስኩም። የአባቴ ዳስ ትዝ አለኝ፤ የገዳሪፉ ሰውም።

አንተ የፎገራን ሜዳ በበጋ አላየኸው ይሆናል። ክረምት ሩዝ የሚበቅልበትን ያን ውኃማ መሬት፣ በጋ ሲገባ የርብን ወንዝ በሞተር እየሳብን ሽንኩርት እንተክልበታለን። ሞተሮቹ ከዚህም ከዚያም ሲንደቀደቁ ይውላሉ። ሽንኩርቱ ሲነቀል ከቤታችን ፊት ለፊት በተሠራ ዳስ ሥር፣ የሩዝ ገለባ ተነጥፎለት ይከመራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዳሱ ቀዳዳ ስትገባ ክምሩ ፍም ይመስል ነበር።

የገዳሪፉ ሰው የምልህ፣ በየዓመቱ መተማ ድንበር ላይ መኪና ተከራይቶ ሽንኩርታችንን ሊወስድ ከገዳሪፍ ከተማ የሚመጣ ሱዳናዊ ነጋዴ ነው። ረጅም፣ ነጭ ጀለቢያ ለባሽ፣ ሲሥቅ ሰፈሩ የሚሰማው ሰው ነበር። አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ ግን አያፍርበትም። አባቴን «አኺ» ይለዋል፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ሌላው ገዢ ቀብድ ይሰጣል፤ እሱ ግን ቃል ሰጥቶ፣ ቃል ተቀብሎ ይሄዳል። አባቴ በዚህ ይኮራ ነበር። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንጂ የእናት ያባት አይደለም» ይለናል፣ ጠየቅነውም አልጠየቅነውም።

የሚመጣው ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም ነው። እኛ ሽሯችንን ስንበላ ለእሱ በግ ይታረዳል። እስላም ስለሆነ የሚያርድለት፣ እንደ እሱው እስላም የሆነው ጎረቤታችን ሸማኔው ነው፤ ድስቱም ለእሱ ተለይቶ የሚቀመጥ ነው። ወጡን የምትሠራው እናቴ ናት፤ ጾመኛ ናትና ግን አትቀምስም። ጨው የምትቀምስላት የሸማኔው ሚስት ነበረች። «ልክ ነው?» ትላታለች እናቴ። «ቆይ እስኪ፣ አልለየሁትም» ትላለች ያችኛዋ፣ አንድ ጊዜ ደግማ ለመቅመስ። እንዴት እንሥቅ ነበር!

አንድ ዓመት ሽንኩርቱ ተነቅሎ ተከምሮ ሳለ፣ መተማ ተዘጋ የሚል ወሬ መጣ። ይፋግ ገበያ የዋለ ሁሉ ይህንኑ ይዞ ተመለሰ። ሰማዩ ደግሞ ያለ ወትሮው ጠቆረ። የወረታው ደላላ ዳሳችን ሥር ቆሞ «ጋሼ፣ ዝናብ ሳይነካው ይስጡኝ፤ ኋላ ቢለምኑኝም አላነሣው» አለ። አባቴ ቃሉን ሰጥቷልና እንቢ አለ። እናቴ ግን ዝም አላለችም።

«የቆጡን አወርድ ስትል የብብትህን እንዳትጥል! ልጆችህ ቃል ነው እንዴ የሚበሉት?»

ሸጠው። ክምሩ ሲጫን ላለማየት ወደ ጓሮ ዞረ።

ገለባው እንኳ ሳይጠረግ የገዳሪፉ ሰው ከች አለ። ለካ ድንበሩ ቢዘጋም ተመልሶ አልሄደም፤ እስኪከፈት እዚያው ጠብቆ ኖሯል። የባዶው መኪና መንቋቋት ከሩቅ ነው የተሰማን። ወርዶ ገለባውን አየ፤ ከዚያ አባቴን አየ።

«ተዘጋ ቢሉኝ…» አለ አባቴ።

«እኔ ድንበር ላይ ተኛሁ። አኺ ሽንኩርት ይዟል አልኩ፤ ተኛሁ።»

በጉ እንደ ወትሮው ታረደ። እኛ ዘንድ እንግዳ መቀየሙ የሚታወቀው በአፉ ሳይሆን በእጁ ነው፤ ካልበላ ወዳጅነቱ አለቀ። ትልቅ ትንሽ ሳንል ሁላችንም እጁን እናይ ነበር። እጁ ጉልበቱ ላይ ብዙ ቆየ። ሸማኔው «ቢስሚላህ በል እንጂ፣ እኔ ነኝ ያረድኩት» አለው። ቆረሰ። በላ። እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች።

ሊሄድ ሲል አባቴ የመኪናውን በር ይዞ «ማርያምን! የሚመጣው ዓመት አንዲት ራስ ሽንኩርት ለሌላ አትሄድም» ሲል ማለለት።

«አኺ፣ መሐላ ተው። ዝናብ መጣ፣ ሽጥ» አለው ሰውዬው። መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

በዓመቱ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ። አባቴ ከወትሮው አብልጦ ተክሎ ነበር። ሽንኩርቱ ተነቅሎ ሲከመር በየጠዋቱ ስልክ መደወል ያዘ። አንዲት ሴት በዐረብኛ ትናገራለች፤ አባቴ ሸማኔውን ጠርቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፍለታል። ሸማኔው ቁርአን ይቀራል እንጂ ዐረብኛ የት ያውቃል! «አይገኝም ነው መሰለኝ» ይለዋል። «መሰለኝ አትበለኝ፤ ደህና አድርገህ ስማ» ይላል አባቴ፣ እንደገና እየደወለ።

ጎረቤት ሁሉ ሽጦ ጨረሰ። ዝናቡ ገባ። ሽታው መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ ኋላ ቤቱን ሞላው፤ ልብሴን ለብሼ ስወጣ ተከተለኝ። ባሕር ዳር ሄጄ የምማረው በዚያ ሽንኩርት ነበርና ተደብቄ አለቀስኩ። ትምህርቱንስ ዘግይቼም ቢሆን ደረስኩበት፤ አሁን የሚቆጨኝ እሱ አይደለም። የሚቆጨኝ፣ ሰውዬው በገዛ አፉ ከመሐላው ፈትቶት ሳለ አባቴ አለመፈታቱ ነው። ሁለቱም እንዲያ ሲተማመኑ፣ አንዱ ስለ ሌላው መኖር አለመኖር እንኳ ሳያውቅ መቅረቱ ነው። ዛሬም ከመተማ የመጣ ሰው ስናገኝ እንጠይቃለን። «ገዳሪፍ እኮ ትልቅ ከተማ ነው» ይሉናል።

ያኔ ሽንኩርቱ መበስበስ ሲይዝ፣ በመጨረሻ አባቴ ተሸነፈና ደላላውን ራሱ ከወረታ ይዞት መጣ። እናቴ ዳሱ ሥር ተቀምጣ የበሰበሰውን ከደህናው ትለያለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ርሷል። ደላላው ጎንበስ ብሎ አንድ ራስ አነሣ፤ ጨመቅ አደረገው።

«ግማሹ ይተርፋል። ልውሰደው ወይ?» አለ።

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። አምና ሽጥ ብላ የጮኸችበት እሷ ናትና፣ እሽ እንድትለው የጠበቀ ይመስለኛል።

እናቴ ቀና ሳትል «ባለቤት አለው» አለች።

ደላላው ቀልድ መስሎት ሣቀ። ፊቷን ሲያይ ግን ሽንኩርቱን መልሶ አስቀመጠና ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

አባቴ ጋቢውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠና አብሯት መልቀም ጀመረ። «ይመጣል» አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ደህና ደህናውን ዝናብ ወደማይደርስበት ጥግ፣ ደረቅ ገለባ ላይ፣ አንድ በአንድ ያስቀምጡለት ነበር።