እንደ ዶሮ ያልታጠበው ዓሣ

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የፍሪዘር ሞተር የሚያሰማውን ድምፅ ታውቂዋለሽ? መጀመሪያ ጓ ይላል፤ ቀጥሎ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ማጉረምረም ይጀምራል። ትናንት ከሰዓት ከጎረቤት ሱቅ ያን ድምፅ ስሰማ፣ የያዝኩትን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የወንዝ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ የጭቃ፣ የእርጥብ ጆንያ፣ የትኩስ ዓሣ። ዓሣ ይሸታል ሲባል ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ያጨማድዳ! እኔን የሚያስታውሰኝ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ የማርቆስን ከተማ ሰው ሁሉ እምቢ ያልኩበትን ጊዜ ነው።

አባቴ ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥባት አንዲት የኪራይ ሱቅ ነበረችው። ሲሞት ሱቋን አስረከብንና ለእኔና ለእናቴ አንድ ነጭ ረጅም ፍሪዘር ተረፈን። ጓዳችንን ግማሹን ይዞት ቁጭ አለ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው አልሆነልኝም። የእናቴ ሐሳብ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ እኔን መዳር። ደህና የሚባል ቤተሰብ ለልጁ ጠይቆኝ ነበር። በልጁ ላይ የማወጣው እንከን የለም፤ ግን የራሴን እንጀራ ሳልበላ የማንም ሚስት አልሆንም ብዬ ድርቅ አልኩ።

አባቴን ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መካከል፣ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ዓባይ ዳር ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሲጫወቱ ውኃው ጎድሎ ዓሣው እንደ ልብ የሚገኘው በየካቲትና በመጋቢት መሆኑን አነሱ። በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። እንኳን ሊበላው፣ በእኛ አገር በጾም ዓሣ ያየ ሰው ያማትባል።

«ፋሲካ ሲደርስስ?» አልኳቸው።

«ፋሲካ ሲደርስማ ማን አቆይቶት፣ ልጄ?» አሉኝ።

ዓይኔ ጓዳው ውስጥ ያለው ፍሪዘር ላይ አረፈ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ሰው አንድ ሳምንት በዶሮና በበግ ከተወጠረ በኋላ ሌላ ነገር ያምረዋል። ያን ጊዜ ዓሣ ያለኝ እኔ ብቻ እሆናለሁ። እናቴ ይህን ስነግራት አበድሽ እንዴ አለችኝ። ቢሆንም አልከለከለችኝም፤ ሐዘን ላይ ስለነበረች ለመከልከልም አቅም አልነበራትም።

ሽማግሌው የላኩልኝ የመጀመሪያው ጆንያ ዓሣ በጧት ሚኒባስ መጣ። እኔና እናቴ ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? እንደ ዶሮ አጠብነው! በሎሚ አሸን፣ በጨው አሸን፣ ውኃው ቅንጣት ጉድፍ እስኪያጣ ደጋግመን ቀያየርን፤ ከዚያ በሎሚ ውኃ ዘፍዝፈን አሳደርነው። በማግስቱ እንዳለ አንድ ላይ ፍሪዘሩ ውስጥ ከመርነው። ከሳምንት በኋላ ለሙከራ አንዱን አውጥቼ ባቀልጠው፣ ሥጋው እንደ ራሰ ዳቦ እጄ ላይ ፈረሰ። ከክምሩ መሀል ያለው ደግሞ ሳይቀዘቅዝ ሸትቶ ነበር። ሁሉንም ወስጄ ቀበርኩት። ተናድጄ እንጂ አልቅሼ እንዳይመስልሽ።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ዕድሜውን ሙሉ ሲታጠብ የኖረን ነገር ምን ልትጨምሪበት ነው?» አሉኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው አሳዩኝ። ሆድ ዕቃውንና የሚተነፍስበትን ስንጥቡን እሳቸው እዚያው ወንዙ ዳር፣ እንደ ወጣ ያወጡታል። እኔ እጄ ሲገባ አንዴ ብቻ በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አድርጌ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ። ከዚያ ትሪ ላይ አንዱ ሌላውን ሳይነካ አስተኝቼ ማቀዝቀዝ። ድንጋይ ሲሆን አውጥቼ በረዶ በመሰለ ውኃ ነከር አድርጌ ስመልሰው፣ ላዩ ላይ እንደ መስታወት የጠራ በረዶ ይለብሳል። በመጨረሻ አየሩን ጨምቆ በፌስታል መጠቅለል ነው። አንዴ የቀለጠ ተመልሶ አይገባም። ከዚህ የቀረውን ራሴ ዘየድኩት፤ መብራት ሲጠፋ ክዳኑን ማንም እንዲነካ አልፈቅድም ነበር፣ የአባቴን ጋቢና ያገኘሁትን ብርድ ልብስ ሁሉ እደርብበታለሁ። ሰፈሩ «ለፍሪዘር ጋቢ ያለበሰች» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ!

በጾም እየተደበቀች ትበላለች ብለውም አሙኝ። አንዲት ፍርፋሪ በምላሴ አልዞረችም። ጾሜንም ሥራዬንም ጠንቅቄ ነው የያዝኩት።

ክፉው ቀን የመጣው ጾሙ ሲጋመስ ነው። የታጨሁለት ልጅ እናት እናቴን ሊጠይቁ ብለው ሲመጡ፣ ጓሮ ጨርቄን ይዤ ዓሣ ስጠርግ አገኙኝ። እናቴ ተጨንቃ መቀመጫ ስታቀርብ እሳቸው ቆመው ያዩኛል። ሎሚው የታለ አሉ። ሎሚ እንደማይነካው ነገርኳቸው። ስንት ውኃ ታሳልፊዋለሽ አሉ። አንድ አልኳቸው። የሴት ልጅ ሙያ በዶሮ እጥበት በሚለካበት አገር፣ አንድ ውኃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አታጪውም። እናቴ ከጀርባቸው ሆና በዓይኗ ለመነችኝ፤ ተይው፣ ለዛሬ እንኳ ደገም አድርጊው እያለችኝ ነው። እኔ የያዝኩትን ጠርጌ ትሪው ላይ አስተኛሁት።

«ሳታጥብ የምታበላ ልጅ ቤቴ አትገባም» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ።

ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። እናቴ ማልቀሱን ስትጨርስ፣ ቤታችን የተዋረደው በዚህ ሳጥን ነው ብላ ፍሪዘሩን ለአንድ ባለሱቅ ለመሸጥ ተስማማች። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሊወስደው ተቀጣጠሩ። ፋሲካን እንኳ የፈሰክነው እንደተኳረፍን ነው። ያ ፍሪዘር ከሄደ እኔም ወደ አንዱ ቤት መሄዴ እንደማይቀር አውቀዋለሁ። የዚያን ሰሞን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ ፍርሃቴን ግን ማንም አላየብኝም።

በዳግማይ ትንሣኤ ጧት አንዱን ዓሣ አወጣሁ። ሙቅ ውኃ ሳልነካው ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እስኪለቅ ጠበቅሁት። በጣቴ ስጫነው ሥጋው ጠንክሮ መልሶ ገፋኝ። ሳሸተው የወንዝ እንጂ የሌላ ሽታ የለውም። ዱቄት ነስነስ አድርጌ ጠበስኩትና እናቴ ፊት አስቀመጥኩ። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። መልሼ ገፋሁት።

«ቅመሽና ከዚያ ሽጪው» አልኳት።

ከጠርዙ ቆንጠር አደረገች። ደግማ ቆነጠረች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ እኔን ሳታየኝ፣ ጎኑን በሙሉ በላችው። እጇን ታጥባ ተመለሰችና አንድ ሌላ እንዳወጣ ነገረችኝ። ዘይት ጣደች፤ ያንኛውን ራሷ ጠበሰችው።

ሲደርስ በሳህን አድርጋ በሌላ ሳህን ከደነችው፣ ነጠላዋን አጣፋችና ወጣች። ከደጃፍ ሆኜ በዓይኔ ተከተልኳት። መጀመሪያ ባለሱቁ ዘንድ ቆመች። ድምፅዋ እስከ እኔ ይሰማ ነበር።

«አይሸጥም። ልጄ ሥራ ይዛበታለች» አለችው።

ከዚያ ዳገቱን ይዛ ወደ ልጁ እናት ቤት ወጣች። ጸሐይዋ ነጠላዋ ላይ አርፋለች፤ ሳህኑን እንደ ጸበል ዕቃ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ሰው ሲያከብራት እንጂ ሲንቃት አንገቷን የማታቀና ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ግን ቀና ብላ ነው የሄደችው። እናቴን የዚያን ጧት ያህል ወድጃት አላውቅም።

ብዙ ቆይታ መጣች። ሳህኑ ባዶ ነበር፤ ታጥቧል። ምን ተባባላችሁ ብዬ ያልጠየቅሁበት ዓመት የለም። «በሉት» ትለኛለች፣ ያችው ናት መልሷ። በመጨረሻ አልጋ ይዛ ሳለችም ጠየቅኋት። ፈገግ አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሳትነግረኝም ሄደች።