ዘፈንም መዝሙርም ያልሆነው ሙዚቃ

ጌዴዎን መጀመሪያ እጁን ይታጠባል። የተበላሸ ስፒከር ሲፈታ የዋለ እጅ ቅባት አያጣውም፤ በዚያ እጅ ላፕቶፑን አይነካም። ከዚያ የሱቁን በር ገርበብ ያደርጋል፤ የጆሃንስበርጉ የሮዘተንቪል ሰፈር ታክሲዎች ጥሩምባ ባይጠፋም ይቀንሳል። ማዳመጫውን በአንድ ጆሮው ብቻ ያደርግና በግራ መዳፉ ጠረጴዛውን ቀስ እያደረገ እየመታ ሙዚቃውን ያስጀምራል። ምቱ እጁ ውስጥ እስኪገባ ሌላ ነገር አይነካም። ሲገባለት ዓይኑን ጨፍኖ ዘማሪዋ ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ ይጠብቃል፤ እዚያ ስትደርስ በቀኝ እጁ ያቆመዋል። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የድምፅ ሞገድ ጎትቶ ያሰፋና ዝቅ ብሎ ጠፍጣፋ የሆነበትን ነጥብ ፈልጎ ይቆርጣል። ሁለቱን ጫፎች ጥቂት ደራርቦ ያጋጥማል፤ መጋጠሚያውን ደጋግሞ ያዳምጣል። ትንሽ ከጎረበጠው አፍርሶ እንደገና ይጀምራል።

«ቃል ላይ ከቆረጥክ ሰው ሁሉ ይሰማሃል» ይላል። «ትንፋሽ ላይ ከቆረጥክ ማንም አያውቅብህም።»

ይህን የለመደው በቤተ ክርስቲያን ነው። ዱራሜ አካባቢ ተወልዶ ሆሳዕና ኤሌክትሮኒክስ ተማረ። ደቡብ አፍሪካ ሲገባ እንደ ብዙዎቹ በየሎኬሽኑ፣ በጥቁሮቹ ሰፈሮች፣ ብርድ ልብስ ተሸክሞ እያዞረ ሸጠ፤ ቀጥሎ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሸቀጥ ሱቅ ከፈተ። ስፓዛው በአንድ የግርግር ቀን ተዘርፎ መደርደሪያው ብቻ ሲቀር፣ ከጉዱ የተረፉት ማታ ማታ ሬዲዮ የሚጠግንባቸው የብየዳ ካውያና መልቲሜትር ነበሩ። በእነሱ ስልክና ስፒከር መጠገን ጀመረ። እሁድ እሁድ ጉባኤው ውስጥ ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ኳየሩ አልበም ሲያወጣ የሚቀዳውም የሚያስተካክለውም እሱ። ስለ በረዶ የሚያውቀው ግን ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ብቻ ነበር፤ ፅናት ሱቁ እስከመጣችበት ቀን ድረስ።

ፅናት የጽጌሬዳ ልጅ ናት። ጽጌሬዳ ኮዝሞ ሲቲ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ስፓዛ አላት፤ የኳየሩም መሪ ናት፣ ማይክ የማያስፈልጋት ሴት። ልጅቷ ግን እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ሄዶ እንግሊዝኛ ላይ ይሳፈራል፤ አንቱታውንም እናቷ ብትደክም አልያዘላትም።

«አንክል ጌዴ፣ ፕሊስ፣ ሙዚቃ ቁረጥልኝ» አለችውና ስልኳን ከፈተችለት።

ቪዲዮው ላይ እሷና ሲያቦንጋ የሚባል የጀርሚስተን ልጅ በረዶ ላይ ነበሩ። ጌዴዎን ካውያውን አስቀመጠ። ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ እግር፣ ያውም ከቢላ በማይሰፋ ብረት ላይ ቆመው፣ ሰው መውደቅ ከሚገባው በላይ አዘንብለው ይሄዳሉ፤ አይወድቁም። እንደገና አስከፈታት። ልጅቷ እየሳቀች አስረዳችው። በረዶ ላይ እየዘለሉ በአየር ላይ የሚሽከረከሩት ሌሎቹ ናቸው፤ የእነሱ የበረዶ ላይ ዳንስ ነው። ዳኞቹ እግራቸውን ያያሉ፤ ሙዚቃውን በእርግጥ መስማት አለመስማታቸውንም ያያሉ። ሙዚቃው ሲያዝን ሰውነታቸው ካላዘነ ዋጋ የለውም።

ጭንቋ ሌላ ነበር። እስካሁን የተወዳደሩት አዘጋጆቹ ራሳቸው በመረጡት ሙዚቃ፣ እርምጃው አስቀድሞ በተወሰነ ዳንስ ነው፤ እናቷም ስፖርት ነው ብላ አልፋዋለች። ዘንድሮ ግን ሙዚቃውንም ታሪኩንም ራሳቸው የሚያመጡበት የውድድር ምድብ ገቡ። ጽጌሬዳ ይህን ስትሰማ ያለችው አጭር ነበር፤ ዘፈን ከሆነ ልጄ አትወጣበትም፣ የበረዶውም ነገር እዚሁ ያበቃል፤ መዝሙር ከሆነ ደግሞ የእግዚአብሔርን ነገር በአጭር ቀሚስ አታስረግጡም። ዘፈኑም ተዘጋ፣ መዝሙሩም ተዘጋ፤ ውድድሩ ደግሞ እየቀረበ ነው።

ጌዴዎን የባለሙያ መላ መታ። ከኳየሩ አልበም አንድ ቀዝቀዝ ያለ መዝሙር አወጣ፣ የዘማሪዎቹን ድምፅ ሙልጭ አድርጎ ነቀለ፣ ኪቦርዱንና ከበሮውን ብቻ አስቀረ። ቃል ከሌለው መዝሙር አይደለም፣ ዘፈንም አይደለም ብሎ ራሱን አሳመነ። እሁድ ከጉባኤ በኋላ፣ ወንበር ሲሰበሰብ፣ ለጽጌሬዳ በትንሿ ስፒከር ከፈተላት። ኪቦርዱ ገና መግቢያውን ሳይጨርስ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ወንበር የሚያነሱት ሴቶች ሁሉ እየተቀባበሏት ይዘምሩ ነበር፤ አንዲቱ እንዲያውም እጇን ዘርግታለች።

ጽጌሬዳ እስከ መጨረሻው ዘምራ ጨረሰችና ወደ እሱ ዞረች። «ወንድም ጌዴዎን፣ ቃሉን ከማሽንህ አወጣኸው። ከኛ ውስጥ በምን ልታወጣው ነው?»

ጌዴዎን ያን ፋይል አጠፋው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በሱቅ ሆኖ እንደማይጨርሰው ገባውና ሁለት ጃኬት ደርቦ ልምምዱን ሊያይ ወደ በረዶው አዳራሽ ሄደ። አሰልጣኛቸው ቁመተ ረጅም፣ ቁጥብ አፍሪካነር፣ ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት፣ ናት። ልጆቹ ትንሽ ከተንሸራተቱ በኋላ ሙዚቃውን አጠፋችው፤ እግራችሁን ስሙ ማለቷ ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያኔ የብረቱ ድምፅ መጣ፤ ሽርር ብሎ ይወርዳል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ሽርር። ሁለቱም አንድ ላይ ሲገፉ ይወፍራል፣ አንዱ ሲቀድም ይሰነጠቃል። ጌዴዎን ጆሮውን ማመን አቃተው፤ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። የእንሰት ፍቅያ ነው።

እንሰት ሲፋቅ ሴቶቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዘመም ባለ ሳንቃ ላይ ከግንዱ የተገነጠለውን ሽፋን ይዘረጋሉ፤ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ አንስተው ጫፉን በተረከዝ ይረግጡና በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይስቡታል። ሥጋው ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ወንድ እዚያ ድርሽ አይልም፤ ነውር ነው። ጌዴዎንም ይህን ሥራ የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን ከአጥር ጀርባ በጆሮው ነው። ለዚህ ይሆናል በረዶው ላይ ሲሰማው እንዲያ ቀጥ ያለው። ዘፈን አይደለም፣ መዝሙር አይደለም፤ ምት ግን አለው፣ ትንፋሽም አለው።

አገር ቤት ላለችው እህቱ ለሰብለ ደወለ። ሰብለ እሺ ብላ ስልኳን መሬት ላይ አስቀምጣ ቀዳች፤ መጀመሪያ የደረሰው ግን ዶሮ ስልኩን በመንቆሩ ሲመታ የሚሰማ ድምፅ ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ፍቅያው ጥርት ብሎ መጣ፤ መሀል ላይ ግን አንዷ ጎረቤት ለስልኩ «ጌዴዎን፣ እዚያ አገር ቆጮ አጥተህ ድምፁን ልትበላው ነው?» ብላ ተርባዋለች፤ ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ወድቀዋል። ተረቡን ቆረጠው። ሳቁን ግን ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አስቀረው።

ከሥር በኪቦርድ አንድ ወፍራም ድምፅ ዘርግቶ ለአሰልጣኟ አሰማት። ወደደችው፤ ግን የት ይሄዳል ብላ ጠየቀችው። እንዴት ማለትሽ ነው አላት። እንደጀመረ ያልቃል አለችው፤ ዳንሱ ሰው ያስፈልገዋል፣ ሰውዬው የሚፈልገው ነገር ያስፈልገዋል፣ የሚከለክለው ያስፈልገዋል። ያለዚያ ልጆቹ ቆንጆ እርምጃ ይረግጣሉ እንጂ አይናገሩም። ጌዴዎን ልክ ነሽ አላት። እሱ ከአጥሩ ወዲህ ነበርና ከወዲያ ማን ምን እንደሚሆን አያውቅም። የምታውቀው አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ቀድሞ በመዝሙሩ ያስከፋት ጽጌሬዳ።

ቅዳሜ ኮዝሞ ሲቲ ሄደ። ጽጌሬዳ ለአንድ ሽማግሌ ደንበኛ ዳቦ እያቀበለች በዙሉኛ «ሳውቦና ባባ» እያለች ሰላምታ ትሰጣቸው ነበር። ጌዴዎን ምንም ሳይደብቅ ለፅናት ዳንስ እንደሆነ ነግሯት ስልኩን ባንኮው ላይ አስቀመጠና ከፈተው። ዳቦው እጇ ላይ ቀረ።

«እነማን ናቸው?»

«እህቴና ጎረቤቶቿ።»

ትንሽ ሰማች። «ሦስተኛዋ አዲስ ሙሽራ ናት። አልደረሰችባቸውም፣ ስማ።»

ሽማግሌው ዳቧቸውን ራሳቸው ወሰዱ። ጽጌሬዳ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠች፣ አንድ እግሯን አንስታ መደርደሪያው ላይ ረገጠች፤ ክንዷ ባዶ አየር ይዞ ከላይ ወደ ታች ወረደ። የሙሽራን ነገር ነገረችው። አማቶቿ ግቢ የመጀመሪያው የፍቅያ ቀን ሙሽራዋን ማንም አይሰድባትም፤ ዝም ብለው በራሳቸው ፍጥነት ይፍቃሉ። እሷ ወደኋላ ትቀራለች፣ ትቸኩላለች፣ ቃጫውን ትበጥሳለች። ጽጌሬዳም ያን ቀን እጇ እስኪያብጥ ፍቃ፣ ላልቅስ ስትል አማቷ ድንገት በሳቅ ፈረሰች። የተሳቀባት መስሏት ቀና ስትል ለካ ሳታውቀው ከሁሉም ጋር እኩል እየሄደች ነው። ያን ቀን የቤቱ ሰው ሆንኩ አለች።

ጌዴዎን ሳቁን ለምን እንዳስቀረው ያኔ ገባው።

«ወንድ እዚያ አይደርስም» አላት። «ሲያቦንጋ ታዲያ ምን ይሁን?»

«እንሰቱ ይሁና» አለች፤ ቀልዷን ይሁን ምሯን አልታወቀም። ተነሥታ ሳጥኑን ወደ ቦታው መለሰች። «ይሄ ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ አልከለክልም። ግን መጥቼ አያለሁ። ከቀለዱበት ልጄን ይዤ ነው የምወጣው፤ ሁለተኛም አትመለስም።»

ሲያቦንጋ ተክል መሆኑን ሲሰማ «ሀይቦ፣ ጎመን አደረጋችሁኝ?» ብሎ ነበር። የእንሰት ፎቶ ሲያሳዩት ግን ቁመቱን አይቶ ረጋ አለ።

የውድድሩ ቀን ጽጌሬዳ ካፖርቷን ለብሳ፣ ጉልበቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከጌዴዎን ጎን ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደያዘች ነው፤ ለመነሣት የተዘጋጀ ሰው አቀማመጥ።

ሙዚቃው በአንድ መፋቂያ ድምፅ ብቻ ጀመረ። ሲያቦንጋ መሀል ላይ እጆቹን እንደ ቅጠል ዘርግቶ ቆሟል፤ ፅናት ዙሪያውን ትሄዳለች፣ ለመንካት የፈራች ትመስላለች። ሁለተኛው መፋቂያ ሲገባ እሱ ዘመመ፤ እየዘመመ፣ እየዘመመ፣ ጎኑ በረዶውን ሊነካ አንድ ጋት ሲቀረው እንደተጋደመ ክብ ሠርቶ ተንሸራተተ። ግዙፍ ነገር ሲወድቅ እንዲህ ዝም ብሎ ይወድቃል እንዴ! ከዚያ ተነሥቶ ክንዱን አዘንብሎ ሰጣት፤ ክንዱ ሳንቃ ሆነ። ፅናት በአንድ እግሯ እየሄደች ሌላውን ተረከዝ ወደ ላይ አንስታ መዳፏን በክንዱ ላይ ሳበችው። መዘግየቷን ማንም ሳይነግረው ሰው ሁሉ አየ። የሙዚቃው ምት ቀድሟታል፤ ትሮጣለች፣ ትስታለች፣ ትከሻዋ ይጠብባል፣ ፊቷ ላይ ልቅሶ ይመጣል። እሱ እየሸሸ አይደለም፣ አይረዳትምም፤ እንሰት ነው።

ጌዴዎን ያን ሙዚቃ በገዛ እጁ ነው የገጣጠመው። ሆኖም ከስፒከር የሚመጣው የቱ እንደሆነ፣ ከበረዶው የሚነሣው የቱ እንደሆነ መለየት አቃተው። ዕድሜውን በሙሉ ድምፅ ሲለይ የኖረ ሰው ነው፤ እዚያ ቁጭ ብሎ ተሸነፈ፣ ሽንፈቱም ጣፈጠው።

ሳቁ መጣ። ፅናት ቀና አለች። ያኔ እግሯ ከእሱ እግር፣ የሁለቱም እግር ከሴቶቹ ሁሉ እጅ ጋር አንድ ላይ ወረደ፤ አዳራሹ በሞላ አንድ ሽርር ሆነ። ሲያቦንጋ ወደ ላይ አነሣት፤ የወደቀው ግንድ ቆሞ፣ እሷ ከላይ ቅጠሉ ሆና ዞሩ። ሙዚቃው ቀጥ ሲል የአንድ ብረት ድምፅ ብቻ ቀርቶ ቀስ ብሎ ጠፋ።

ጌዴዎን ወደ ጎን አየ። ቦርሳው ወለሉ ላይ ወድቋል። የጽጌሬዳ ቀኝ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ዓይኗ ግን ከልጇ አልተነቀለም።

ሦስተኛ ወጡ። ፅናት ጫማዋን ሳትፈታ በጎማው ምንጣፍ ላይ እየተንገዳገደች መጣችና እናቷ ፊት ቆመች። ምንም አልጠየቀችም።

«ጉልበትሽን አላጠፍሽም» አለቻት ጽጌሬዳ። «እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይፋቅም። በሚቀጥለው ዓመት እጠፊው።»

ፅናት ከዚህ ሁሉ የሰማችው የሚቀጥለውን ዓመት ብቻ ነው። ሲያቦንጋ አማርኛ ባይሰማም ፊቷን አይቶ አቅፎ አነሣት።

አሁን ጌዴዎን ለሚቀጥለው ዓመት ሙዚቃ እየፈለገ ነው፤ ይህን ለምታነቡም አንድ ጥያቄ አለው። በየአካባቢያችሁ ሰዎች በኅብረት ሲሠሩ የሚሰማውን ድምፅ ቅዱለት፤ ሲወቀጥ፣ ሲቆፈር፣ ሲሸመን፣ ቀፎ ሲሰቀል። «ስልኩን የታጠፈ ጨርቅ ላይ አድርጉት፤ ዶሮ አባሩ» ይላል። «ስትልኩልኝ በድምፅ መልእክት አትላኩ፣ ድምፁ ተጨምቆ ይበላሽብኛል፤ በፋይል ላኩት። ሳቅና ተረብ ካለበት አታጥፉ። የማን እጅ እንደሆነም ስሟን ጻፉልኝ፤ ልጆቹ በረዶ ላይ ሲወጡ የማንን ሥራ እንደሚሠሩ ማወቅ አለባቸው።»